የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሠራተኛ ክብር፤ ከሀገረ ሕይወት እስከ አዲስ አበባ

ባለሙያን በአደባባይ ማክበር ለኢትዮጵያ ከባዕድ የመጣ ትምህርት አይደለም። በቤተ መንግሥት በኩል ከጦር ሜዳ ድል አድርጎ የተመለሰው ጀግና በንጉሡ ፊት ፎክሮ ለምድና ካባ፣ ጋሻና በቅሎ ይሸለም እንደ ነበረ ሁሉ፣ በቤተ ክርስቲያንም በኩል በበዓል ሌሊት በማሕሌቱ መካከል ቆሞ ቅኔውን የዘረፈው ሊቅ፣ ምሥጢሩ የገባቸው አባቶች «ይበል!» ባሉት ጊዜ፣ ከወርቅና ከብር የሚበልጥ ሽልማት እንደ ተቀበለ ይቈጥረው ነበር። ለተነሣንበት ነገር ይልቁን የሚቀርበው ይህ ሁለተኛው ሥርዐት ነው፤ ቅኔ ለዚያው ዕለትና ለዚያው በዓል ተወልዶ፣ አንድ ጊዜ ተሰምቶ የሚያልፍ ቃል እንደ መሆኑ መጠን፣ ደቀ መዛሙርት በቃላቸው አጥንተው ካላቆዩት ወይም አንድ ትጉህ ጸሐፊ በብራና ካላሰፈረው በቀር፣ የባለቅኔው ስም እንኳ ከመቃብሩ ወዲያ አይሻገርም።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን ወደ አገራችን በገቡ ጊዜ ይህንኑ አላፊ ቃል ከአንዱ ደብር ቅጥር አውጥተው ለብዙ ሺህ ጆሮ በአንድ ጊዜ አደረሱት። ነገር ግን ሥራውን የሚመረምርለት ጉባኤ፣ የሠራውንም ሰው በስሙ ጠርቶ «ይበል!» የሚልለት ማሕሌት አብሮ አልተሠራለትም። ይህ ጉባኤ በልዩ ልዩ ዘመን እንዴት እንደ ተሞከረና እንዴት እንደ ተቋረጠ ለመናገር ስንነሣ፣ ነገሩን ከአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ከአምቦና ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች ወገን ሆኖ መመልከት ይገባል፤ የተሸላሚዎቹን ስም ያየ ሰው ከዚህ ምድር የበቀሉትን ከፊተኞቹ ተርታ ያገኛቸዋልና፣ የአድማጩም ልብ ያለው ከዋና ከተማው አዳራሽ ይልቅ በየገበያው ከተማ ነውና።

በአቃቂ የተተከለው የመጀመሪያው የሬዲዮ ጣቢያ የጣሊያን ወረራ ደመና ባንዣበበበት ሰዓት የንጉሠ ነገሥቱን ድምፅ ወደ ውጭው ዓለም ያደረሰ መሆኑ በታሪክ የታወቀ ነው። ከነጻነት በኋላ አገልግሎቱ እንደ ገና ተደራጅቶ ኃይሉ እየበረታ ሲሄድ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የተሰለፉት ከተሞች፣ ሆለታና አዲስ ዓለም፣ ጊንጪና አምቦ፣ ጉደርና ጌዶ፣ እስከ ባኮ ድረስ ያሉት፣ የቤተ መንግሥቱን ዐዋጅና የዓለሙን ወሬ ከመልእክተኛ አፍ ሳይሆን ከሣጥን ውስጥ በሚወጣ ድምፅ መስማት ጀመሩ። ሬዲዮ በዚያን ዘመን የጥቂቶች ሀብት ነበር፤ በነጋዴው ሱቅ፣ በመምህሩ ቤት፣ በሹሙ እልፍኝ ይቀመጥና፣ ሲመሽ ግን ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰብበት ነበር። በዚያ የተሰበሰበው ሕዝብ የተናጋሪውን ፊት አያውቅም፤ ድምፁን ግን ከዘመዶቹ ድምፅ ለይቶ ያውቀዋል። የሬዲዮ ሠራተኛ ክብር የመጀመሪያ መሠረቱ ይህ ነው፤ ሥርዐት ያልተበጀለት፣ ማኅተም የሌለው፣ ግን እውነተኛ የሆነ የሕዝብ ፍቅር።

ማኅተም ያለው ሽልማት የመጣው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በተቋቋመ ጊዜ ነው። ይህ ድርጅት የመጀመሪያውን ሽልማቱን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ክቡር ከበደ ሚካኤልን፣ በሥነ ጥበብ ሠዓሊውን አፈወርቅ ተክሌን መረጠ፤ በተከታዩም ዓመት ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ በኢትዮጵያ ጥናትም ሴማዊ ልሳናትን ሲመረምሩ የኖሩት ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ተሸለሙ። አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ሽልማት የንጉሡ የግል በጎ ፈቃድ ነበረ፤ ጀግናው በንጉሡ ፊት ቀርቦ ይሸለማል፣ ንጉሡ ባያዩት ወይም ባይወዱት ሥራው ያለ ዋጋ ይቀራል። አሁን ግን፣ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ቢጠራም፣ ዘርፍ ለይቶ፣ በየዓመቱ በሥርዐት የሚሸልም ማኅበር ቆመ፤ የአገር ልጅና የውጭ ሊቅም በአንድ መድረክ ተቀመጡ። በእኔ ግምት ያ ዘመን ለጥበብ ካተረፋቸው መልካም ነገሮች አንዱ ይህ ሐሳብ ነው።

ከዚህ ድርጅት ተሸላሚዎች መካከል ለምዕራብ ሸዋ የሚቀርበው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ጸጋዬ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባለው ስፍራ ከኦሮሞ አባትና ከአንኮበር ተወላጅ እናት ተወለደ፤ በልጅነቱም አንደበቱን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ፈትቶ፣ ግእዝን ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀሰመ። አምቦ በዚያን ጊዜ ሀገረ ሕይወት ተብላ የምትጠራ፣ ስለ ጠበልዋና ስለ ፍል ውኃዋ መኳንንት የሚመላለሱባት ከተማ ነበረችና፣ የትምህርት ቤቱ ልጅ በ1942 ዓ.ም. ገደማ ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስ የሚናገር ተውኔት ጽፎ ባሳየ ጊዜ ከተመልካቾቹ አንዱ ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ከዚህ በኋላ በአዲስ አበባ በጄኔራል ዊንጌትና በንግድ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በቺካጎ ሕግ ተምሮ፣ በለንደንና በፓሪስ የታወቁትን ቲያትር ቤቶች ጎብኝቶ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1966፣ ገና የ29 ዓመት ጎልማሳ ሳለ፣ የድርጅቱን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለ። ከቦዳ ተነሥቶ ያን ያህል መንገድ የሄደ ልጅ በአገሩ ዳኞች ፊት ቆሞ ስሙ ሲጠራ፣ በአምቦ የሚኖር አንድ ተማሪ ምን ተስፋ በልቡ እንደሚያድር ለመገመት አያስቸግርም። ሽልማት ለተሸላሚው ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ ተሸላሚውን ላሳደገችው ከተማ ሁሉ ይደርሳታል።

ሆኖም የዚያ ድርጅት ዐይን የተከፈተው ለመጽሐፉና ለሸራው፣ ለተውኔቱና ለምርምሩ ነበር፤ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሥራ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖ አልቆመም። ነገሩን ይበልጥ የሚያስተዛዝበው፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ድርጅቱ የመጀመሪያውን ሽልማት በሰጠበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1964፣ በእኛ አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በንግሥ በዓል ሰሞን፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሆኖ መሆኑ ነው። ሁለቱ ተቋማት በአንድ ዓመት በሕዝብ ፊት ቀረቡ፤ አንዱ ሌላውን ግን አላየውም። ጥፋቱ የዚያ ዘመን ሰዎች ብቻ አይደለም፤ በብዙ አገር ሊቃውንት ዘንድ የተጻፈው ቃል ርስት፣ የተነገረው ቃል ግን ነፋስ ሆኖ ሲታይ ኖሯልና።

የዚህን አስተሳሰብ ስሕተት ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነገር ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ልቦለድ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙ ጊዜ ማንበብ የሚችለው ሕዝብ ከጥቂት እጅ አይበልጥም ነበር። ኋላ ግን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሙሉውን መጽሐፍ በድምፁ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቈጠረው ገበሬና እንጀራ የምትጋግረው እናት ሳይቀሩ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጅ ዐወቋቸው። ደራሲው በመጽሐፋቸው ክብርን አገኙ፤ ይህ የሚገባቸው ነው። ነገር ግን የዚያን ትረካ ክፍል እያንዳንዱን ያዘጋጀው፣ የቀረጸው፣ ጊዜውን የለካው፣ ድምፁን ያስተካከለው የሬዲዮ ሠራተኛ በምን ማኅደር ተመዘገበ? የወጋየሁ ስም ስለ ድምፁ ውበት በሕዝብ ልብ ተረፈ፤ ከመስታወቱ በስተጀርባ የነበሩት ግን ያለ ስም ቀሩ።

የ1966 ዓ.ም. አብዮት በፈነዳ ጊዜ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተሰየመው የሽልማት ድርጅት ከሥርዐቱ ጋራ አብሮ ተቋረጠ። በቀጣዩ የደርግ ዘመን መገናኛ ብዙኃን ሁሉ በመንግሥት እጅ ሆነው፣ በ1969 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ እንኳ ተወርሶ፣ ክብር የሚሰጠው በአብዮት በዓል ሰልፍና በሜዳልያ ሆነ፤ ስለዚህ ዘመን ለሽልማቱ ታሪክ ብዙ የሚነገር የለም። በሥራው በኩል ግን ያ ዘመን ባዶ አልነበረም፤ ከሬዲዮ ድራማና ከእሑድ መዝናኛ ብዙ ትጉህ ሠራተኛ የበቀለበት ነበረ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ጥበባትና መገናኛ ብዙኃን ሽልማት ድርጅት የተባለው ማኅበር ሲቋቋም፣ መገናኛ ብዙኃን የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ አገር አቀፍ የሽልማት ተቋም ስም ላይ ተጻፈ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጋዜጠኛውና የዝግጅት አቀናባሪው ከሠዓሊውና ከደራሲው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ማዕረግ እንዲቆጠሩ ተወሰነ ማለት ነው። ይኸው ድርጅት ለጥላሁን ገሠሠ የዕድሜ ልክ አገልግሎት ሽልማት ሰጠው። ጥላሁን በአዲስ አበባ ቢወለድም ያደገው በወሊሶ ነው፤ ወሊሶም ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ብትሆን ቀድሞ በምዕራብ ሸዋ ዞን ሥር ነበረች። በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር ዜማ ልቡን የማረከው ይህ ልጅ፣ በሀገር ፍቅርና በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ በኩል አልፎ፣ ድምፁ በሬዲዮ ሞገድ ተሳፍሮ ከአገር ጫፍ እስከ ጫፍ ደረሰ። ያለ ሬዲዮ ጥላሁን የአንድ አዳራሽ ዘፋኝ ሆኖ በቀረ ነበር ማለት ድፍረት አይመስለኝም፤ እንግዲህ እርሱን የሸለመ ማኅበር በስውር ሬዲዮንም ሸልሟል። ይህ ድርጅትም ቢሆን የተጀመረለትን ያህል አልዘለቀም፤ በየዓመቱ እንደ በዓል የሚጠበቅ ሥርዐት ሳይሆን ቀረ።

ከዚህ ወዲህ የመጣው ዘመን የግለሰቦች ትጋት ዘመን ነው። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የሚተላለፈው «ለዛ» የተሰኘ የሬዲዮ ዝግጅት፣ በአዘጋጁ በብርሃኑ ድጋፌ መሪነት፣ አድማጭ ድምፅ እየሰጠ የዓመቱን ምርጥ ሙዚቃና ፊልም፣ ኋላም የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ የሚመርጥበትን ሽልማት መሠረተ። በ2005 ዓ.ም. በዲያቆን ዳንኤል ክብረት አነሣሽነት የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ከዘርፎቹ አንዱን ለሚዲያና ለጋዜጠኝነት ለይቶ ሰጠ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ዮናስ ብርሃነ መዋ የጉማ የፊልም ሽልማትን አቋቋመ፤ ስሙም ሚሼል ፓፓታኪስ ካዘጋጀው ከቀድሞው «ጉማ» ፊልም የተወረሰ ነው፤ ጉማ የተባለው የደም ዕርቅ ሥርዐት ለምዕራብ ሸዋ ሰው የአባቶቹ ሕግ ስለ ሆነ እንግዳ አይሆንበትም። ለአፋን ኦሮሞ ጥበብ የቆመው የኦዳ ሽልማትም በዚሁ ተርታ ይጠቀሳል።

እነዚህን ሁሉ ያቋቋሙትን ሰዎች ከልብ ላመሰግን እወዳለሁ። ከመንግሥት በጀት ሳይኖራቸው፣ አዳራሽ ተከራይተው፣ ድጋፍ ለምነው፣ በየዓመቱ ከባዶ እየተነሡ፣ ሌላው የተወውን ሸክም ተሸክመዋል። ነገር ግን ፍቅር ፍርድን አያስቀርምና የሚታየኝን ጉድለት ልናገር። አንደኛው ጉድለት፣ ተቋሙ በመሥራቹ ትከሻ ላይ የቆመ እንደ መሆኑ መጠን መሥራቹ የደከመ ዕለት ይደክማል፤ የአንዱ ዓመት ድጋፍ ሰጪ ሲታጣ በዓሉም ይዘገያል ወይም ይታጠፋል። ሌላው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ሙዚቃና ፊልም የየራሳቸው መድረክ ሲያገኙ፣ የሬዲዮ ዘገባ፣ የሬዲዮ ድራማ፣ የልጆች ዝግጅት፣ የትምህርት ሥርጭት፣ የገጠር ዘጋቢው ሥራ፣ እነዚህ ሁሉ የሚዳኙበት ራሱን የቻለ ጉባኤ እስከ ዛሬ የላቸውም። የአድማጭ ድምፅ የሚያስደስት ነገር ነው፤ ሆኖም ዝነኛውን ይበልጥ ዝነኛ ያደርጋል እንጂ፣ በሌሊት ዜና የሚያነበውን ወይም በጭቃ መንገድ ተጉዞ የገበሬውን ቃል የሚቀርጸውን ሰው አይደርስበትም።

አድማጭ በራሱ መንገድ መሸለም እንደሚያውቅ የሚመሰክር አንድ ነገር አለ። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሁለት ተከታታይ የሬዲዮ ድራማዎች በኢትዮጵያ ሬዲዮ አሰምቶ ነበር፤ አንደኛው በአማርኛ የቀረበው ባለ 257 ክፍሉ «የቀን ቅኝት»፣ ሁለተኛው በአፋን ኦሮሞ የቀረበው «ዲምቢባ» ነው። ስለ ቤተሰብ ጤና፣ ስለ ሴት ልጅ መብትና ስለ ኤድስ በሚያስተምሩት በእነዚህ ድራማዎች ላይ አድማጮች የጻፉት ደብዳቤ ከ15 ሺህ በላይ እንደ ደረሰ ይታወቃል። ከደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ወረቀትና ቴምብር መግዛት ቀላል ያልነበረባቸው የከተማና የገጠር ሰዎች መሆናቸውን ለሚያስብ፣ ያ ሁሉ ደብዳቤ ከማንኛውም የነሐስ ሐውልት የማይተናነስ ምስክር ነው። «ዲምቢባ»ን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለሰማው የጉደርና የጊንጪ አድማጭ ይህ የተለየ ነገር ነበር። ስለዚህ ወደ ፊት የሚቆም አገር አቀፍ ሽልማት አማርኛ ብቻ የሚሰማ ዳኛ ይዞ አገር አቀፍ ሊባል አይችልም፤ በ1998 ዓ.ም. ከተቋቋመው የኦሮሚያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጀምሮ በየክልሉ፣ በየቋንቋው የሚሠራው ሁሉ በሚገባው ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት።

የሌላውን ዓለም ልምድ ብንመለከት አብነት የሚሆነን አናጣም። የፒቦዲ ሽልማት የሚባለው በአሜሪካ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው የሬዲዮ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው መጋቢት 22 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ያም ማለት ጃንሆይ ከአርበኞቻቸው ጋራ ወደ አዲስ አበባ እየተቃረቡ በነበሩበት፣ ወደ ዋና ከተማቸውም ሚያዝያ 27 ቀን ሊገቡ አንድ ወር ያህል በቀራቸው ጊዜ መሆኑ ነው። ቴሌቪዥን ኋላ ተጨመረበት። የዚህ ሽልማት ትልቁ ሀብት ግን በዓሉ አይደለም፤ ለውድድር የቀረበው ሥራ ሁሉ፣ ያሸነፈውም የተሸነፈውም፣ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መቀመጡ ነው። የመቅረጫ ክር ውድ በነበረበት ዘመን አንዱን ዝግጅት አጥፍቶ በላዩ ሌላውን መቅረጽ በብዙ የዓለም ጣቢያዎች የተለመደ ነበርና፣ ባለቤቶቹ ጣቢያዎች ያጠፉትን ያ ማኅደር አተረፈው። በቅኔ ቤት ደቀ መዛሙርቱ ይሠሩት የነበረውን ሥራ በዚያ ዐቃቤ መጻሕፍቱ ሠራው ማለት ነው። ኢጣልያም በበኩልዋ እ.ኤ.አ. በ1948 በካፕሪ ደሴት የጣሊያን ሽልማት የተባለውን ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ውድድር መሥርታ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ቴሌቪዥንን ጨምራበት፣ ጉባኤውን በአንዲት ከተማ ሳታስር ከከተማ ወደ ከተማ እያዘዋወረች አቆይታዋለች። በሆሊውድ እ.ኤ.አ. በ1949 የተጀመረው ኤሚ በዝና ሁለቱንም ይበልጣቸዋል፤ እኛ ልንማርበት የሚገባን ግን ከዝናው ይልቅ የሁለቱ ጥበብ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ አስቀድሜ ያነሣሁት ስለ አምቦ የማስበውን ለመናገር ነው። አምቦ በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት የቆመባት፣ ያም ትምህርት ቤት ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ የሆነላት ከተማ ናት። ጸጋዬ በመድረክ የታየባት፣ በእኛም ዘመን የሃጫሉ ሁንዴሳ ድምፅ የወጣባት ናት፤ ሃጫሉ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በግፍ በተገደለ ጊዜ አስከሬኑ ያረፈው በዚህችው በትውልድ ከተማው ነው። እንዲህ ያለች ከተማ ለባለ ድምፅ ሰዎች ክብር የሚሰጥበትን ጉባኤ ብትቀበል ከታሪኳ ጋራ የሚስማማ እንጂ የተለጠፈባት ጌጥ አይሆንም። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሹማምንት ሆይ፣ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ሥራ ማኅደር የሚሆን አንድ ክፍልና አንድ ዐቃቤ መዝገብ መድቡ፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚዳኙ፣ ፍርዳቸውንም በጽሑፍ የሚያስረዱ ሊቃውንት ሰብስቡ። የጣቢያ ባለቤቶች ሆይ፣ ለውድድር ባትፈልጉት እንኳ የምትሠሩትን ቅጂ ለማኅደሩ ስጡ፤ የቀረጻና የድምፅ ሠራተኞቻችሁንም ስም በዝግጅቱ መጨረሻ አንብቡ። ለሽልማቱ ዛሬ በየበኩላችሁ የምትደክሙ መሥራቾችም ገንዘባችሁን በየዓመቱ ለአዳራሽ ከምትጨርሱት፣ ከፍሬው ብቻ የሚወጣለት፣ ዋናው የማይነካ፣ በአደራ ሕግ የተመዘገበ አንድ የጋራ ሀብት አቋቁሙ። ጉባኤውም እንደ ጣሊያኑ ሽልማት ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ይካሄድ፤ የመጀመሪያው በአምቦ ይሁን።